ረቡዕ ዕለት የያዝኩት ሥጋ

ነገሩ የሆነው ለቀላል ባቡሩ ተብሎ የቃሊቲ መንገድ ሁሉ በተቆፋፈረበት ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ረቡዕ በመጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ረቡዕ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

ያኔ በአንድ የከባድ መኪና ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ምሳ የምንበላው አምስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ በያጁ ጋሽ መኩሪያ፣ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖችና ጎማ የሚሠራልን ጎሚስታው ሰይድ። ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን በአንድነት እንቆርሳለን። ስድስት ዓመት እንዲህ በልተናል። ደንባችን አንድ ነው። እኛ የክርስቲያን፣ ሰይድ የእስላም ሥጋ ስለሚበላ ትሪው ላይ ሥጋ አይቀርብም። ሥጋ የያዘ ሰው ዞር ብሎ ለብቻው ይበላል፤ ማንም አይቀየመውም።

ሰይድ ወሎዬ ነው። ጎማ ሲፈታም ሲያጎርስም ጉልበቱን አይቆጥብም። አንድ ጉርሻው ለአንድ ሰው ምሳ ይበቃል። እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ «በሞቴ» ይላል።

እኔ ጨጓራዬን ካመመኝ ቆይቷል። አብሽ ጠጣሁ፣ ተልባ ጠጣሁ፣ ቃሪያ ተውኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሪስ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩና የሰገራ ምርመራ ታዘዘልኝ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን አይቶ ሄሊኮባክተር የሚባል ባክቴሪያ ጨጓራዬ ውስጥ እንደሚኖር ነገረኝ። ዘመዶቹ በውሻ፣ በድመትና በአሳማ ሆድም አሉ። አሲድ ውስጥ መኖር ይችላል። የባትሪ አሲድ ሱሪዬን እንዴት እንደሚበላው ስለማውቅ ባክቴሪያውን ትንሽ አከበርኩት።

ካልታከመ ጨጓራ ያቆስላል፣ ሲቆይ ወደ ባሰ ነገርም ሊሄድ ይችላል አለኝ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአፍና በእጅ ሳይሆን አይቀርም።

«ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መድኃኒቱን እስክትጨርስ ጉርሻው ይቅር። ጓደኞችህም የሚያማቸው ካለ ይመርመሩ፤ ንገራቸው» አለኝ። ለዐሥራ አራት ቀን የሚዋጥ ሦስት ዓይነት ክኒን ይዤ ወጣሁ።

አልነገርኳቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያጎርሱኝ ለኖሩ ሰዎች ይህ እንዴት ይነገራል? ወይ እኔ አስይዣችኋለሁ ማለት ነው፣ ወይ እናንተ አስይዛችሁኛል ማለት ነው። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ «እኔ ዛሬ ሥጋ ነው የያዝኩት» አልኩና ራቅ ብዬ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ያለው ድንች አልጫ ነው። እንዳያዩብኝ ጀርባዬን ሰጥቼ በላሁ።

ማክሰኞም ሥጋ ሆነ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ጉዳይ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ሐሙስ ሥጋ። ቅዳሜ ሥጋ። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ጋሽ መኩሪያ «አንተ ልጅ፣ ሎተሪ ደርሶሃል እንዴ?» አሉኝ። ድሮ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ እየጠራ የሚቀልድብኝ ሰይድ ግን አሁን ሳልፍ ከጎማው ቀና አይልም። ሳየው አዝናለሁ። ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ እያልኩ ቻልኩት።

ከዚያ አንድ ቀን እንደለመድኩት ምሳ ዕቃዬን አነሳሁና «ሥጋ ነው» ብዬ ወደ ጎማዬ ሄድኩ።

ማንም አልቆረሰም። ጋሽ መኩሪያ እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ ቀና አሉ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉ።

ጾሙን ረስቼዋለሁ። ሰይድ ተነስቶ ፊቴ ቆመ።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ። «ከእስላም ጋር አልበላም ለማለት ጾምህን ለምን ትገድፋለህ? በቀጥታ አትነግረኝም ነበር? በቃ፣ እኔ እነሳለሁ። አንተ ከወንድሞችህ ጋር ብላ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ዕቃውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ የራሴን ከፍቼ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት።

«ድንች ነው» አልኩ። «ጨጓራዬ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶ ነው። በእጅና በአፍ ይተላለፋል ተባልኩ። እንዳላስይዛችሁ ብዬ ነው።»

ሰይድ ድንቹን ትንሽ አየው።

«ይሄን ሁሉ ቀን ድንች?»

«ድንች።»

ጋሽ መኩሪያ ባክቴሪያውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁ። ሐኪሙ ስለ ውሻና ድመት የነገረኝን ነገርኳቸው። ሁላችንም ዞረን ፍርፋሪ ለመጠበቅ ትሪው አጠገብ የተቀመጠችውን የጋራዡን ድመት አየናት። እሷም አየችን።

እጃችንን ልንታጠብ ስንሄድ ሰይድ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ይሄ ነገር ሰገራ ያጠቁራል እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«እንዴት ያለ ጥቁር?»

«እንደ ግሪስ።»

ከዐሥር ቀን በላይ ሆኖታል። ከእጁ ያልለቀቀ ግሪስ ከምግቡ ጋር የዋጠ መስሎት በኦሞ አጥብቆ መታጠብ ጀምሮ ነበር።

ያንኑ ዕለት አለቃችንን አስፈቅጄ ክሊኒኩ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወዲያው ሆስፒታል ላከው። ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነበር። ተኝቶ ደም ተሰጠው። ያከሙት ዶክተር «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ» ብለው ወጡ። ሰይድም እንዲጨርሱት አልጠየቀም።

እሱም ባክቴሪያው ተገኘበት። የቀሩት ሲመረመሩ ጋሽ መኩሪያና አንዱ ኤሌክትሪሺያን አለባችሁ ተባሉ። ሌላው ኤሌክትሪሺያን ነፃ ሆነ፤ ለምን ለብቻው እንደተለየ ግን ቅር አለው። ስለ ድመቷም ጠየቅን። ወጣቱ ሐኪም «የናንተ ዓይነቱ በአብዛኛው ከሰው ነው የሚመጣው። መጠንቀቅ ያለባት እሷ ናት» አለን።

ሁላችንም ታክመን፣ እንደገና ተመርምረን ትሪው ዙሪያ የተቀመጥን ቀን ሰይድ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ከዚያ ያንን ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ።

«በሞቴ» አለኝ።

ስድስት ዓመት የሰማሁት ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ከበደኝ። ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር በርበሬው ነው አልኩ። እንደገና መዋሸቴ ነው።

አሁን ያ ጋራዥ የለም። ሰይድ ሳሪስ አቦ አካባቢ የራሱን ጎማ ቤት ከፍቷል። እኔ በዚያ ውሸቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ያን ሰኞ እንደተባልኩት ብነግራቸው ኖሮ ሰይድ ያን ሁሉ ቀን ባልደማ ነበር። ጾሙን ባልረሳ ደግሞ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይደውልልኛል። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ዛሬ ምን ይዘሃል?» ይለኛል።

«ሥጋ» እለዋለሁ።