«ሁሉም ሞተዋል» ብዬ የፈረምኩበት ሪፖርት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቦይለር ውስጥ ከተቱኝ። ቦይለር ማለት ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት የባቡሩ ሆድ ነው። የመረጡኝ ቀጭን ስለነበርኩ ነው እንጂ ሌላ ችሎታ አልነበረኝም። አለቃን በፈረንሳይኛ ሼፍ ነበር የምንለው፤ ሼፍ ዑመር አንድ ከባድ ብረት አስያዘኝና «አንተ ከውስጥ የሪቬቱን ጭንቅላት ደግፍ፣ እኔ ከውጭ እመታለሁ። ከለቀቅከው ዓይንህን ያወጣዋል» አለኝ። ሪቬት ላሜራን ከላሜራ የሚሰፋው ወፍራም ሚስማር እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም። መምታት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ስወጣ ሰዎች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ሼፍ ዑመር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር አለኝ። ምን እንዳለኝ በማግስቱ ሌላ ሰው ነገረኝ። «እንኳን ደህና መጣህ» ነበር።

ይኸ የሆነው ድሬዳዋ፣ የባቡር ወርክሾፑ ውስጥ ነው። እኔ ስገባ መስመሩን የናፍጣ ባቡሮች ይዘውታል። የእንፋሎቶቹ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። አንዲቷ ብቻ ቆማም ትሠራ ነበር፤ ዕቃ የሚታጠብበትን እንፋሎት ለወርክሾፑ የምትሰጠው እሷ ናት። ሙያውን የተማርኩት በሷ ላይ ነው። «የእንፋሎት ባቡር ሾፌር ነበር» እያሉ የሚያወሩልኝ አሉ። አንድም ቀን ባቡር ነድቼ አላውቅም።

ለማያውቅ ሰው ሥራውን ልንገር። እሳቱ የሚነድበት ክፍል ሁለት የብረት ግድግዳ አለው፤ በመሃላቸው ውሃ ነው። ሁለቱን ግድግዳዎች አያይዘው የሚይዙ ብዙ ብሎኖች አሉ። ብሎን ውስጥ ለውስጥ ሲሰበር ከውጭ አይታይም። በትንሽ መዶሻ ጫፉን መትተህ ነው የምትሰማው። ደህናው ይጮሃል። የተሰበረው ጭቃ እንደመታህ ዱብ ይላል፤ እሱን «ሞቷል» እንለዋለን። አንድ ሁለቱ ቢሞቱ ይቀየራሉ። ጎን ለጎን ብዙ ሞተው እሳት ከተነሣ ግን ግድግዳው ተነድሎ የፈላው ውሃ ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ መዶሻ የያዘው ሰው ሳይፈቅድ ማንም ክብሪት አይጭርም።

ሼፍ ዑመር መዶሻውን ሳይሰጠኝ ብዙ ጊዜ ቆየ። እሱ ይመታል፣ እኔ እሰማለሁ። «ምን አለህ?» ይለኛል። አንድ ቀን ዝም ብዬ «ደህና ነው» ብል መዶሻውን አስቀመጠ። «አልሰማህም፤ ገመትክ። ለመገመት ቤትህም መቀመጥ ትችላለህ» አለኝ። ለዚያ ቀን ከሥራ አባረረኝ።

በኋላ አንደኛ ደረጃ የቦይለር ሠራተኛ ሆንኩ። ማንበብና መጻፍ አልችልም ነበር። የሞተው ብሎን ላይ በጠመኔ መስቀል አደርጋለሁ፤ ጸሐፊው ቆጥሮ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ተፍጨርጭሬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ያ መዝገብ ነው። ስሜ የለበትም። «ተመርምሯል» ይላል፤ ከሥሩ የክፍሉ ኃላፊ ፈርሟል። ኃላፊው መዶሻ ይዞ አይቼው አላውቅም። ሄጄ ብጠይቀው «ደመወዝህን ትበላለህ፤ ምን ጎደለህ?» አለኝ። ምን እንደጎደለኝ ማስረዳት አቃተኝ። ዛሬም በደንብ አላስረዳውም፤ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ጡረታ ወጥቼ ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ሂክማ ቤቴ መጣች። ከዚራ ሰፈር መድኃኒት ቤት አላት፤ አባቷ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር።

«ጋሼ ለገሰ፣ ያቺን የወርክሾፑን አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ልናስነሣት ነው» አለችኝ።

«ወዴት ልትሄድ?»

«የትም አትሄድም። ግቢው ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ትመለሳለች።»

«ተመልሳ ምን ታደርጋለች?»

«ትቆማለቻ። ሕዝቡ ፉጨቷን እንዲሰማ ነው።»

«አሁንም ቆማለች» አልኳት። ሳቀች። እኔ ለመቀለድ አልነበረም። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው፣ ያለ ደመወዝ፣ ከሰው ገንዘብ እየለመኑ፣ ጭነት የማትጭን ባቡር ሊያድሱ ነው። የሚያገኙት ምንድነው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

ከነሱ አንዱ አብዲ ነው። ቀፊራ ገበያ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ከዘሩ ባቡር ላይ የሠራ የለም። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አልኩት።

«ወላሂ እኔም አላውቅም» አለ። «ለጨጓራዬ መድኃኒት ልገዛ ሄድኩ። ሂክማ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ቤት ደርሼ ሳየው የአባልነት መዋጮ ነው። መድኃኒቱንም አልሰጠችኝም።»

እሁድ እሁድ ከዚራ ዛፍ ሥር የመዋጮ ሳጥን ይዘው ይቆማሉ። ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ሙሽሮች ባቡሯ ፊት ፎቶ ሲነሡ ያስከፍላሉ። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን የባቡሯ ግራሶ ቅባት ነክቶት ስታለቅስ አየሁ። በቃ ይኸ ነገር ቀረ ስል በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ መጣች። ሙሽራ በሠርጓ ቀን የዛገ ብረት አጠገብ መቆም ለምን እንደምትፈልግ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አንድ እሁድ ከሳቢያን ሰፈር በሚኒባስ የመጡ አሮጊት ሳጥኑ ውስጥ ብር ከተቱና ሂክማን «በኛ ጊዜ ሰዓት የለም፤ በፉጨቷ ነው ትምህርት ቤት የምንሮጠው። ካልጮኸች ግን ብሬን ትመልሺያለሽ» አሏት። ሂክማ «ትጮሃለች፣ እማማ» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቦይለሩን ሳያይ ቃል የሚገባ ሰው ያናድደኛል። ግን የሴትዮዋን ፊት አይቼ ተውኩት።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ለእድሳቱ የሚሆን ላሜራ በነፃ ልስጥ አለ። ቅድመ ሁኔታው፣ ቦይለሩን ባለሙያ መርምሮ ሪፖርት ይጻፍ የሚል ነው።

«ባለሙያው አንተ ነህ» አለችኝ ሂክማ። «ሪፖርቱን ራስህ ትጽፋለህ፣ ራስህ ትፈርማለህ።»

እውነቱን ልናገር። እሺ ያልኩት ለዚህ ነው እንጂ ለፉጨቱ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና ጠመኔ ይዤ ገባሁ። አብዲ ባትሪ ያበራልኛል። የመጀመሪያውን ብሎን መታሁ። ዱብ አለ። መስቀል አደረግሁ። ሁለተኛው ዱብ። ሦስተኛው ዱብ። አንዱን ረድፍ ጨረስኩ፤ ሌላውን ያዝኩ። ዱብ፣ ዱብ።

«አቦ ጋሽ ለገሰ» አለ አብዲ፣ «ሁሉን መስቀል በመስቀል አድርገህ መቃብር አስመሰልከው እኮ። ለኛ ለሙስሊሞቹም ትንሽ ቦታ ተው እንጂ።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅሁም፤ ግራ ገብቶኛል። ቦይለር እንዲህ አይሞትም። ከላይ ከማዕዘኑ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁሉም ባንድ ላይ ሞተው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ዝገቱ ይሆናል አልኩ። ዝም ብላ መቆሟ ይሆናል አልኩ። ውስጡ ድንጋይ የሆነ የውሃ ቆሻሻ ሞልቶ ድምፁን አፍኖት ይሆናል አልኩ። ያላልኩት ነገር የለም። ወደ ራሴ ብቻ አልዞርኩም።

ቤቴ ተቀምጬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ። «ብሎኖቹን በሙሉ በመዶሻ መርምሬአለሁ። ሁሉም ሞተዋል። እሳት አይነድባትም።» ከሥሩ ስሜን፣ ከስሜ ሥር «አንደኛ ደረጃ የቦይለር ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። አንብቤ አንብቤ አልጠግብ አልኩ።

ሂክማ መድኃኒት ቤቷ ቆማ አነበበችው። «ሁሉም?» አለች።

«ሁሉም።»

አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ፋብሪካው ላሜራውን ከለከለ። ሳጥኑ ከመደርደሪያው ኋላ ገባ። የሳቢያኗ ሴትዮ መጥተው ሂክማ ብራቸውን መለሰችላቸው፤ ሴትዮዋ ግን ያኔ ሲቀልዱ ነበር መሰለኝ፣ ብሩን ይዘው ግራ ተጋብተው ቆሙ። «የተሰበሰበውን በልተው ነው ሞተች የሚሉት» የሚል ወሬም ተነሣ። ድሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አብዲ ሱቅ ተቀምጫለሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አክስል ሊገዛ መጣ። አብዲ ሁለት አክስል አንጠልጥሎ በብሎን መፍቻ መታ መታ አደረጋቸው። «ዋሪያ፣ ስማ» አለው። «ይኸኛው ይዘፍናል። ያኛው አፉን ይዟል፣ ውስጡ ተሰንጥቋል። አንተን አልሸውድህም።» ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና የሚዘፍነውን ገዝቶ ሄደ።

«የቱ ነበር የዘፈነው?» አልኩ።

«ትቀልዳለህ? ደቻቱ ወንዝ ማዶ ይሰማል እኮ።»

«ሌላ አምጣና እስቲ ምታ።»

አንድ አዲስ አወረደና ከተሰነጠቀው ጋር እያፈራረቀ መታ። ሁለቱም ለኔ ዱብ ነው። አብዲ አየኝ። እሱ የማይቀልድበት ነገር የለም፤ ያን ጊዜ አልቀለደም። «ሻይ ልዘዝልህ» አለ ብቻ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን አስካለን «ጆሮዬ ደክሟል እንዴ?» አልኳት።

«ስንት ዓመቱ» አለች። «እኔ የምጮኸው ለምን ይመስልሃል?»

«ተቆጥተሽ ነበር የሚመስለኝ።»

«እሱም አለበት።»

ቀናት አለፉ። የጨነቀኝ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ በዕድሜዬ በስሜ የፈረምኩት አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም ውሸት ሆነ። ሁለተኛው ይብሳል። እኔ ደንቁሬአለሁ ማለት ብሎኖቹ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ከነሱ ውስጥ በእውነት የሞቱ ይኖራሉ። ሪፖርቱን ቀድጄ «ደህና ናት» ብል እሳት ያነዳሉ፤ ሰው ይቃጠላል። ዝም ብል ደግሞ ሂክማ ሌባ እንደተባለች ትቀራለች። ወደ የትኛውም ብሄድ የማላውቀውን መናገሬ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሂክማ ሄድኩ። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ተሰልፏል። «ሪፖርቱን መልሺልኝ፤ ጆሮዬ አይሰማም» አልኳት።

ሰልፈኛው በሙሉ ዞረ። «ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» አለችኝ።

«ቀስ ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ተጠጋች። «እና ብሎኖቹ ደህና ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ሞተዋል?»

«አላውቅም አልኩሽ።»

የሳል ሽሮፕ የያዘች አንዲት ሴት «ይኸ ሰውዬ ታዲያ ምንድነው የሚያውቀው?» አለች። ይኸን አጠገቤ ስለነበረች ሰማሁት። ተናደድኩ። መልስ ፍለጋ ሳስብ ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው።

የማውቀው አሠራሩን ነው። ለሂክማ ነገርኳት። ቦይለሩን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ በፓምፕ መግፋት ነው፤ ደካማው ቦታ ያፈስሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ሰው አይቃጠልም። ከዚያ በፊት ግን የሚሰማ ሰው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይስማ።

«ማን?» አለች።

«አንቺ። አክስል የሚያውቀው አብዲም አለ።»

ብዙ ቅዳሜ ፈጀብን። የኔን መስቀሎች በጨርቅ አጠፋሁ። መዶሻው እንዴት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚመታ፣ ሲመታ ትንፋሽ እንደሚዋጥ አሳየኋቸው። አብዲ ይመታል፣ ሂክማ ትሰማለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። «ይጮሃል» ትላለች እሷ። «በአላህ፣ ይኸ መጮህ ነው? ይኸ እንደ አማቴ ያጉረመርማል» ይላል እሱ። ይጨቃጨቃሉ። እኔ በመሃላቸው ቆሜ የትኛቸው ልክ እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጣቴን ብሎኑ ላይ አስደግፌ በእጄ ለመስማት ሞከርኩ። አንዳንዱ ጣቴን ይነዝረዋል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ሆኖም በጣት መፍረድ ስላልተማርኩ አልፈረድኩም። ሁለቱ የተስማሙበትን ብቻ ምልክት አደረግን።

ብዙዎቹ ይጮሃሉ አሉ። ከላይ በግራ ማዕዘን ጎን ለጎን የሞቱ ተገኙ። ቦይለር መሞት የሚጀምረው ከዚያ ነውና ይኸን አመንኩ።

ሁለተኛውን ሪፖርት ጻፍኩ። «የመጀመሪያው ስህተት ነው። የጻፍኩት ሳልሰማ ነው። አሁን የሰሙት ሂክማና አብዲ ናቸው፤ እኔ አሠራሩን አሳይቻለሁ። በውሃ ግፊት ሳትሞከር እሳት አይነድባት።» ሦስታችንም ፈረምን። አብዲ ሲፈርም «ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የምፈርመው ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለ፤ ፈረመ ግን።

ፋብሪካው «ባንድ እጅ የተጻፉ ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች ደረሱኝ፤ የቱን ልመን?» አለ። አልፈርድበትም። በውሃ ሞክራችሁ ኑ ብሏል። ፓምፑ ገና አልተገኘም። ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሾቹ በኔ ተቀይመው ቀርተዋል። ባቡሯ ቆማለች። ሂክማ ሳጥኑን እንደገና አውጥታዋለች፤ «ትጮሃለች ወይ?» ሲሏት «እንሞክራለን» ትላለች እንጂ ቃል አትገባም። ሳጥኑ ግን እንደ ድሮው አይሞላም። ሰው ለ«እንሞክራለን» ብዙ ብር አይሰጥም።

ብረት እየመታችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ይኸ ሙያ ጆሮ ይበላል። ሲበላው ደግሞ አይነግራችሁም፤ ነገሩ ሁሉ የሞተ ይመስላችኋል። በየዓመቱ ጆሮአችሁን ሌላ ሰው ይመርምረው። መስማት ያቆማችሁ ቀን መዶሻውን ለሚሰማ ሰው ስጡ፤ መዝገቡም ላይ የሱን ስም ጻፉ።