ያልጠየቅኋቸው የደቅ ሰዎች

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ንስሐ ስገባ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ይችን ግን እየዘለልሁ ኖርሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ባሕር ዳር፣ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ስለ ይዞታ ምዝገባ የምንልከው ደብዳቤ እንኳን ለገበሬው ለእኛም አይገባንም ነበርና፣ ቀለል ባለ አማርኛ ይጻፍ ተባለ። አዲሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር። ከመታተሙ በፊት ደቅ ደሴት ተሻግሬ ለአሥራ ሁለት ሰው እንዳነብ፣ የገባቸውንም በራሳቸው አፍ ሲነግሩኝ እንድመዘግብ ታዘዝሁ።

አልሄድሁም። ያን ቀን ጣና ማዕበል ነበረው እያልሁ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ሰነፍሁ፣ ደግሞም ናቅኋቸው። እኔ የጻፍሁት ለማን አይገባም አልሁ። ዓባይ ማዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ስም ፈጠርሁ፤ በየስሙ ትይዩ «በሚገባ ተረድተዋል» ብዬ ሞላሁ። ጠያቂውም እኔ፣ መላሹም እኔ።

ደብዳቤው ታተመ፣ ተበተነም። ከወራት በኋላ እማማ ጥሩ የሚባሉ የደቅ ባልቴት ቢሯችን መጡ። የሟች ባላቸውን ማሳ ጎረቤት በስሙ አስመዝግቦታል። ደብዳቤው «ተቃውሞ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያሳውቅ» ይላል፤ የት ሄዶ እንደሚያሳውቅ ግን አይልም። እሱን መጻፍ ረስቼ ነበር። እሳቸው የመንግሥት ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል ብለው ሲጠብቁ ቀኑ አለፈ። አንድ የደቅ ሰው እንኳ ብጠይቅ ኖሮ «የት ሂጀ ላሳውቅ?» ይለኝ አልነበረም?

ኃላፊያችን የእኔን መዝገብ ገልጦ፣ «እማማ፣ ከእናንተው አገር አሥራ ሁለት ሰው ተጠይቆ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ቀኑ ካለፈ ምንም ማድረግ አንችልም» አላቸው።

እማማ ጥሩ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲያ ደንቆሮዋ እኔው ነኝ። ለሰው ሁሉ የገባው ለእኔ ሳይገባኝ ቀረ። አስቸገርኋችሁ ልጄ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ።

እኔስ ምን አልሁ? «ምንም አይደል እማማ» አልሁ። እስከ በር ሸኘኋቸው።

ደብዳቤው ኋላ ታርሟል፤ ማሳው አልተመለሰም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ወረቀት በመጣላቸው ቁጥር፣ «ለእኔ አይገባኝም፣ የሚገባው ሰው ጥሩልኝ» ይላሉ አሉ። እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ሰበብ የለኝም።