በሽቦው በር የሚቆጠሩት ሽማግሌ

የዚያን ቀን ሽቦው ጋ የነበርነው እኔ፣ ትንሿ ልጄ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በፒክአፕ የመጡት ሁለት ሰዎችና ሹፌራቸው ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አልነበረም።

ሽቦው የምንለው ከነገሌ ወጣ ብሎ ያለውን የድሮ የምርኮኞች ካምፕ ነው። በሶማሌ ጦርነት የተማረኩ የሶማሊያ ወታደሮች ይታሰሩበት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቆርቆሮውን የቻለ ሁሉ ነቅሎ ወሰደ። ሽቦውም የየሰዉ የፍየል በረት አጥር ሆነ፣ የእኔም ጭምር። የቀረው የሲሚንቶ ወለል፣ የተሰነጠቀ የውሃ ገንዳና ሁለት የበር ምሰሶ ነው።

አባባ ከምርኮኞቹ አንዱ ነበሩ። ጓደኞቻቸው ተፈትተው አገራቸው ሲገቡ እሳቸው ቀሩ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ጎጆ ሠርተው ፍየል ያረባሉ። ለምን እንደቀሩ ለማንም አልተናገሩም። ለመጠርጠር ይህ በቂዬ ነበር፤ ልጄን እንዳትጠጋቸው ከለከልኳት።

አካሄዳቸውም አላማረኝም። አጥር የለ፣ በፈለጉት በኩል መውጣት ሲችሉ፣ ዞረው በምሰሶዎቹ መካከል ነው የሚወጡት። እዚያም ቆም ይላሉ። አንድ ቀን ልጄ እየሮጠች መጥታ፣ “እማዬ፣ አባባን አስወጣኋቸው” አለችኝ። እጇን ይዤ ሄድኩ።

“ልጄን ምን እያስተማሯት ነው?”

“ናጋ ነው ልጄ፣ ሰላም ነው” አሉ እየሳቁ። “እኛ በዚህ በር ሳንቆጠር አንወጣም ነበር። እግሬ ለምዶ ቀረ። እሷ ‘አንድ’ ስትለኝ እሄዳለሁ።”

ከዚያ ወዲያ እንድትቆጥራቸው ተውኳት፤ ግን ከሩቅ፣ እኔ እያየኋት።

ሰዎቹ የመጡት “አጎታችንን ወደ አገራችን ልንወስድ ነው” ብለው ነው። ወንድማማች ነን አሉ። አንደኛውን ለብቻው ሳገኘው “ምንህ ናቸው?” አልኩት። “የእናቴ ወንድም” አለኝ። ሌላውን ብጠይቀው “የአባቴ ወንድም” አለ። በአማርኛ ሁለቱም አጎት ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ለየብቻ መጠሪያ እንዳለው አውቃለሁ። አማርኛው ጠፍቷቸው ይሁን ዋሽተውኝ፣ እስካሁን አልለየልኝም።

“የእናት ነው የአባት?” ብዬ ድምፄን ከፍ ባደርግ ሹፌሩ ሳቀብኝ። “እናቴ፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ? ያቤሎ ኬላ ላይ እንኳ እንዲህ አልተመረመርንም!”

አባባን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። “ያውቋቸዋል?”

“እኔ ስዘምት አልተወለዱም። ፊታቸውን ከየት ላውቀው?”

“ታዲያ እንዴት አምነው ይሄዳሉ?”

“የእናቴን ስም ጠሩልኝ።”

“ስም እኮ ማንም ጠይቆ ያውቃል፣ አባባ።”

“የእናቴን ስም ከሰማሁ ስንት ዘመኔ” አሉና ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው መኪናው ውስጥ ገቡ። ፍየሎቹን ለልጄ ተዉላት። ሞያሌ ሲደርሱ በጭነት መኪና ሹፌሮች መልእክት እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ።

ሹፌሩ በሜዳው አቋርጦ ሊወጣ ሲል፣ “በበሩ!” አሉት አባባ።

“የቱ በር?” እያለ፣ እያጉረመረመ ዞረ። ምሰሶዎቹ ጋ ሲደርስ አስቆሙት። ልጄ “አንድ” አለች። ሌሎቹን አልቆጠረቻቸውም።

መልእክቱ አልመጣም። ልጄ አድጋለች፤ ፍየሎቹም ተዋልደዋል። በሞያሌ መንገድ ካለችው ከሜጋ የመጣ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ያያቸው የለም።

በሜጋም ይሁን በሞያሌ ወይም ከድንበሩ ማዶ፣ በር ላይ ደርሰው እስኪቆጠሩ የሚቆሙ ሽማግሌ ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ወሬያቸውን ላኩልኝ። ከዘመዶቻቸው ጋር መሆናቸውን ብቻ ንገሩኝ።