እሳቸው በየሱቁ አይዞሩም

አናጢው ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ ከእሱ ይልቅ ሻጮቹ ይደክማሉ። ሰፈርተኛው «ሜትር» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ሦስቴ ሳይለካ አንዴ አይቆርጥም። ይህ ጠባይ ለበርና ለቁም ሳጥን መልካም ነው። ለዲቪዲ ማጫወቻ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አምስት ሳምንት ፈጀበት።

ነገሩ የተጀመረው ዓይን ሐኪም ቤት ነው። «የእናትህ ዓይን እየደከመ ነው፤ ማየት የሚፈልጉት ካለ አሁን ይዩ» አለው ሐኪሙ። እናቱ ገና ከክሊኒኩ በር ሳትወጣ መረጠች። ማየት የፈለገችው የሞተውን ባሏን ነው። አባትየው ካሜራ ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበርና አንድ ደህና ፎቶ እንኳ አልተወም። ፊቱ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሜትር እህት ሰርግ ዲቪዲ ላይ። ሙሽራዋን ሲመርቅ ቪዲዮ ቀራጩ ሳያስነቃው ቀርጾታል።

ዲቪዲው አለ፣ የሚያጫውተው ግን የለም። የቤቱ ማጫወቻ ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል፤ የጎረቤት ላፕቶፕም ዲስክ ማስገቢያ የለውም። እንግዲህ የቀረው አንድ ርካሽ ማጫወቻ መግዛት ብቻ ነው። ብቻ!

የመጀመሪያው ባለሱቅ ሁለት አወጣለት፤ አንድ ውድ፣ አንድ ርካሽ። «ጋሼ፣ ይሄኛው የማያነበው ዲስክ የለም» አለ ውዱን መታ መታ አድርጎ። «ለአንዲት ዲስክ?» አለ ሜትር፤ ርካሹን ይዞ ወጣ። ቤት ሲደርስ ማጫወቻው ዲስኩን ዋጠ፣ ትንሽ አጉረመረመና «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሜትር ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ።

«እንዴት የለም ይላል? እሳቸው ውስጡ እያሉ!» አለች እናቱ ተቆጥታ።

ባሏን ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትል ኖራለች፤ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ አንቱታው ወደ ዲስኩ ተዛወረ። «በጣትህ አትንካቸው» ትላለች። «ፀሐይ ላይ አታስቀምጣቸው» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሜትር ይስቅ ነበር፤ አሁን ሳቁ ጠፍቶበታል።

ማጫወቻውን መለሰ። ባለሱቁ ሳይቆጣ ምክንያቱን አስረዳው፦ «እንዲህ ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ አስቸጋሪ ነው። አንዱ ያነበዋል፣ አንዱ አያነበውም። ዲስኩን ይዘህ ና፣ እዚሁ እንሞክረው።»

ይህን ለእናቱ ሲነግራት ፊቷን አጨማደደች።

«እሳቸው በየሱቁ አይዞሩም። በሕይወት እያሉ ገበያ የማይወዱ ሰው! አሁን ማንም እጅ ላይ ይውደቁና ቢቧጨሩብኝስ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክ አንተ ነህ!»

ከዚያ በኋላ ሜትር የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር ማድረግ ጀመረ፤ መለካት። በዳበሳ የሚገዛ ከሆነ እንኳ በደንብ ዳብሶ መግዛት አለበት። በአሮጌ ደብተር ላይ የየሱቁን ማጫወቻ መዘገበ፤ ይሄ ሪሞት አለው፣ ያ ፍላሽ ይቀበላል፣ ያኛው ማይክራፎን ይሰካበታል። ማን ሊዘፍንበት እንደሆነ እንጃ። አንዱን አምጥቶ ሞከረ፤ ምስሉ ቆራርጦ ቆመ። ሌላ አመጣ፤ የዲስክ ማስገቢያው ተከፍቶ አልዘጋም አለ። ሦስተኛውን ሲመልስ ባለሱቋ «ይሄስ በደንብ ያነባል» ብላ ሌላ ስትዘረጋለት ትዕግሥቱ አለቀ።

«እመቤት፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ያነባል ያነባል ትሉኛላችሁ። እስካሁን የሚያነባው እኔ ነኝ፤ ያውም እንባዬን!»

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያ ውዱ ማጫወቻ ትዝ ብሎት ነበር፣ ግን እልህ ያዘው። ይህን ሁሉ ከዞረ በኋላ መጀመሪያ የናቀውን መግዛት ሞኝነት መሰለው። ሰው እንዲህ ነው፤ ከተሳሳተ በኋላ ላለማፈር ሲል ስሕተቱን ይመግበዋል።

በእነዚያ ሳምንታት እናቱ ሻዩን ከስኒው አጠገብ ቀዳች። የቤቱን ቁልፍ እጇ ላይ ይዛ ፈለገች። ሜትር ይህን አይቷል፤ አላየሁም ሊል አይችልም። ግን ዓይኑ ደብተሩ ላይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችው። ዲስኩን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«በል እንሂድ» አለች። «እሳቸውን እኔው እይዛቸዋለሁ።»

«አይዞሩም አላልሽም?»

«ብዬ ነበር። አሁን ጊዜ የለም።»

እጇን ይዞ ወደ መጀመሪያው ሱቅ ወሰዳት። የሱቁ ግድግዳ ሙሉ ቴሌቪዥን ነው፤ ድምፃቸው ተዘግቶ በአንዱ ኳስ፣ በሌላው የሳሙና ማስታወቂያ ይታያል። ሜትር አንገቱን ደፍቶ «ያንን ውዱን» አለ። ባለሱቁ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ዲስኩን ከእናትየው በሁለት እጁ ተቀበለና ማጫወቻውን ከመካከለኛው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ድምፁን ከፈተ። ማጫወቻው ምንም አላንገራገረ፤ ወዲያው አነበበ።

አባቱ ብቅ አለ። ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ ካሜራውን ሳያይ፣ እጁን በልጁ ራስ ላይ አድርጎ። «ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ» የሚለው ድምፁ ሱቁን ሞላው። ሜትር የተሰማው ደስታ ይሁን ንዴት ለራሱም አልገባውም፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ፈገግ ብላ፣ ዓይኗን በትጋት ኳሱ በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ ተክላ ቆማለች።

«እሰይ! እንዴት አምሮባቸዋል» አለች።

ባለሱቁ አቀረቀረ። ሜትር ትከሻዋን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ መካከለኛው ቴሌቪዥን አዞራት። ፈገግታዋ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። እጁን አጥብቃ ያዘችና ባለሱቁ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ምን ለብሰዋል?»