ባትሪው ያለው ቁም ሳጥኑ ጋ ነው

ጓደኞቹ «ናፍጣ» ይሉታል። የከተማ አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ ጥርሱን የነቀለ መካኒክ ነው። አውቶቡሱ ገና በር ላይ ሳለ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንዳመመው ይናገራል። ስሙ ለቀልድ የወጣለት ቢሆንም ኋላ ላይ አለቃው ሳይቀር በዚሁ ይጠራው ጀመር።

አንድ ጠዋት አለቃው ሠራተኞቹን ሰበሰበና፣ ከእንግዲህ ወደ ጋራዡ የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶች እንደሆኑ፣ እነሱን መንካት የሚችለውም የሚሰጠውን ፈተና ያለፈ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወፍራም የማጥኛ መጽሐፍ አደለ። ናፍጣ የራሱን በእጁ መዘን አደረገና፣ «ይሄማ ራሱ መለዋወጫ ዕቃ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ትምህርት ቤት ከተወ ወዲህ ከጋዜጣ የስፖርት ገጽ ያለፈ ነገር አንብቦ አያውቅም።

እቤት ገብቶ መጽሐፉን ገለጠ። የገጹ ግርጌ ሲደርስ ራስጌው ከአእምሮው ጠፍቷል። እንደገና ከላይ ይጀምራል፤ እንደገና ይጠፋዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «እያነበብክ ነው እያንቀላፋህ?» አለችው።

ያዘነችለት ልጁ ነበረች። ኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ስለ ፈጣን ንባብ አጭር ሥልጠና ወስዳለች። «አባዬ፣ ጣትህን ከመስመሩ በታች አስሂድ፤ ዓይንህ ጣትህን ይከተል። ቃሉን በከንፈርህ አትጥራው» አለችው።

ነገሩ ተስማማው። ጣቱ በየገጹ ላይ ይከንፍ ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ፣ «ጨረስኩት!» አለ፣ አፉን ሞልቶ።

«እስቲ ባትሪው ከመጠን በላይ ሲግል መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው?» አለችው ልጁ።

ናፍጣ ጣቱን አየ።

«ጣቴ አንብቦ ይሆናል፤ እኔ ግን አላነበብኩም» አለ። ሚስቱ ልትስቅ ብላ ፊቱን አየችና ተወችው። «በቃ፣ ዘበኛ ያድርጉኝ» አለ ናፍጣ።

ልጁ ደነገጠች። «ኧረ አባዬ! ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ በዚህ ዘዴ ያነበብኩት ልብ ወለድ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሞክሬ አላውቅም። አንተ አዲስ ዓይነት አውቶቡስ ቢመጣብህ ከምን ትጀምራለህ?»

«ዞር ዞር ብዬ አየዋለሁ። ወዲያው አልፈታም። ከዚያ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ የከበደው ቦታ ላይ ቀስ እላለሁ።»

«እንግዲያው መጽሐፉንም እንደሱ አድርገው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቱ የሚሮጠው በየምዕራፉ ርዕስና ሥዕል ላይ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ጥያቄ ያወጣል፤ ለጥያቄው መልስ ያለበትን ገጽ ሲያገኝ ቀስ ብሎ፣ ካስፈለገም በከንፈሩ እየጠራ ያነባል። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግቶ ለሚስቱ ይተርክላታል። አልገባኝም ካለችው ተመልሶ ይገልጣል።

የሚረሳውንም ነገር፣ ዕቃውን ሲያስብ እንዲታወሰው፣ በሐሳቡ በቤቱ ዕቃዎች ላይ አስቀመጠው። ዋናው የኃይል ማቋረጫ የደጁ በር ላይ፣ ባትሪው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሆነ። የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው ዕቃ ደግሞ ጨርቁን ልብስ በሚያደርገው የሚስቱ መኪና ላይ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ቤት ልታጸዳ ቁም ሳጥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ ገፍታዋለች። «ምን አደረግሽ አንቺ? ባትሪውን ነቀልሽው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ግን ተጋግዘው ወደ ቦታው መለሱት።

ፈተናው ላይ፣ ባትሪውን ከመንካት በፊት የሚደረገውን በቅደም ተከተል ጻፍ የሚል ጥያቄ መጣ። ናፍጣ ዓይኑን ጨፈነና በሐሳቡ ቤቱ ገባ። በሩ ላይ ኃይሉን አቋረጠ። ጫማ መደርደሪያው ላይ የጎማ ጓንቱን አጠለቀ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ጠበቀ። መስተዋቱ ጋ ምንም ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ አየ። ቁም ሳጥኑን የከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?» አለው ፈታኙ።

«ኧረ ቤት ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከአንዱ ክፍል በቀር ሁሉንም አልፏል። የወደቀው ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ብልሽት የሚያሳውቅባቸውን ቁጥሮች ማንበብ ላይ ነው። አለቃው በሌላው ሥራ እንዲጀምርና የቀረውን ክፍል ደግሞ እንዲፈተን ፈቀደለት። ናፍጣ እየከነፈ ቤቱ ገባ፤ የሚስቱን ጉንጭ ሳመ።

«የወደቅኩት ቦታ ስላጣሁ ነው» አላት። «ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው፤ ቤቱ ሞላ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? የእህቴ ቤት ሰፊ አይደል!»

እሁድ አባትና ልጅ መጽሐፉን ይዘው ሄዱ። የሚስቱ እህት ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ «ግቡ፣ ግቡ፤ ብቻ ዕቃዬን እንዳትፈቱብኝ» አለቻቸው። ናፍጣም የመጀመሪያውን ቁጥር እዚያው የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦ ገባ።