የጋሼ ታረቀኝ መጋረጃ

ልጅ ሳለሁ እግዚአብሔር የሚኖረው ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ ጋሼ ታረቀኝ ቤት ውስጥ ካለው መጋረጃ ጀርባ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግሮቭፖርት ካሉት ዌርሃውሶች፣ የዕቃ መጋዘኖች፣ በአንዱ ከሰዓት በኋላ እስከ ሌሊት የሚዘልቀውን ሰከንድ ሺፍት ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ሰው አይኖርም። ስለዚህ ቦርሳዬን እንደያዝኩ የጋሼ ታረቀኝን በር አንኳኳለሁ። ጋሼ ታረቀኝ የምንኖርበት አፓርትመንት የሜንተናንስ ሠራተኛ ነበሩ፤ የቤት ማሞቂያው ሂተር ሲበላሽ፣ ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ የመጽሐፍ ትርጓሜ ተምረዋል፤ ስድሳ ሊሞላቸው ሲል ደግሞ ዲቪ ደርሷቸው ብቻቸውን ኮሎምበስ መጡ።

የሚኖሩባትን አንዲት ክፍል ለሁለት የሚከፍል ወፍራም ቀይ መጋረጃ ነበር። ወዲህ ሶፋና ጠረጴዛ፣ የእኔም የቤት ሥራ አለ። ወዲያ ምን እንዳለ ግን አይቼ አላውቅም። አመሻሽ ላይ የሕንፃውን ቁልፎች በወገባቸው እንዳንጠለጠሉ ወደዚያ ገብተው ይጸልያሉ። ሲሰግዱ ቁልፎቹ ይንሿሿሉ፣ ቀና ሲሉ ዝም ይላሉ። «እኔ ስጸልይ ወደዚህ አይገባም» ያሉኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። መድገም አላስፈለጋቸውም።

ከጸሎታቸው በፊት ግን የጥንት እስራኤላውያንን ታሪክ ይነግሩኝ ነበር። መብራቱን አጥፍተው ጧፍ ያበራሉ፤ ጥላቸው ጣሪያው ድረስ ይወጣል፤ የሰሙ ሽታ ከሂተሩ የአቧራ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ያኔ ድምፃቸው ዝቅ ይልና ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኛል። እንደ ምድጃ ስለሚጨስ ተራራ፣ ግርጌውን የነካ ሁሉ ስለሚሞትበት ይነግሩኛል። ታቦት በጫነ ሠረገላ አጠገብ ስለሚሄድ ሰው ይነግሩኛል፤ በሬዎቹ ሲደናቀፉ ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ እዚያው ሞቶ ቀረ።

«ሊረዳ ፈልጎ እኮ ነው!» አልኩ በእንግሊዝኛ። ስናደድ አማርኛው ይጠፋብኝ ነበር።

«አትንኩ ተብሏላ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጧፉ ሳያነሱ።

ሌላ ቀን ደግሞ እነዚያ እስራኤላውያን አምላካቸውን በፍጹም ልባቸው እንዲወዱት ታዘው እንደነበር ነገሩኝ። ግራ ገባኝ። ሰው ውደድ ተብሎ ይታዘዛል እንዴ? ደግሞስ ያን ያህል የሚፈሩትን እንዴት ይወዱታል?

ጋሼ ታረቀኝ ሶፋው ላይ ወደ ጣልኩት ጃኬቴ ጠቆሙ። «እናትሽ ጃኬትሽን ልበሺ ስትልሽ ትለብሻለሽ። ፈርተሻት ነው ወይስ ወድደሻት?»

«አላውቅም።»

«እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም» አሉ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ መሬት ሲነካ በረዶ የሚሆን ዝናብ ወረደ። ዛፉም፣ የመብራት ሽቦውም፣ የመኪናው መስታወትም በበረዶ ተሸፈነ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ውጭው ጨልሞ ነበር፤ ወዲያው መብራት ጠፋ፣ ሂተሩም ቆመ። ጋሼ ታረቀኝ ጧፋቸውን አበሩና ስለ ሊቀ ካህናቱ ይነግሩኝ ጀመር።

በዓመት አንድ ቀን፣ ብቻውን፣ ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ መጋረጃ ውስጥ ይገባል። በልብሱ ዘርፍ ዙሪያ ትንንሽ የወርቅ ቃጭሎች ተሰፍተዋል። ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ቃጭሉ እስከተሰማ ድረስ ሰውየው በሕይወት አለ።

«ዝም ካለስ?» አልኩ።

መልስ ሊሰጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ግን ግንባራቸውን በእጃቸው ዳበሱና ተነሡ። «ሰዓቴ ደረሰ። ስመለስ እጨርስልሻለሁ።» መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

ብቻዬን ከጧፉ ጋር ቀረሁ። ወዲያው ቁልፎቹ ይንሿሿሉ ጀመር። ዝም፣ እንደገና መንሿሿት፣ ዝም። በየመሀሉ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ዝምታው ረዘመ። መቶ ድረስ ቆጠርኩ፣ ምንም የለም። መጋረጃው እንደሚተነፍስ ሆኖ ወደ እኔ ትንሽ ገፋ አለና ተመለሰ። ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። «ጋሼ?» አልኩ። መልስ የለም። እጄን ዘረጋሁና ሰበሰብኩት፤ ያ የሠረገላው ሰው በዓይኔ መጣብኝ። ብገባ እሞታለሁ ብዬ አምኜ ነበር፤ ይመስለኛል ሳይሆን አምኜ። ቆምኩ። ጧፉ ሲያጥር አየሁት።

ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ፣ እንደ ሕፃን ማቃሰት። ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ።

አልሞትኩም። ዓይኔን ስገልጥ ከኋላዬ በሚገባው የጧፍ ብርሃን የታየኝ ባዶ ግድግዳ፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ አትሮንስ ነበር፤ ጋሼ ታረቀኝም በጎናቸው ወድቀው አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣምሟል። ዓይኖቻቸው ክፍት ነበሩ፤ ያዩኛል። ስልካቸውን ከጠረጴዛው አንሥቼ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ድረስም እጃቸውን ይዤ እዚያው፣ እንዳልገባበት በተከለከልኩበት ቦታ፣ ተቀመጥኩ።

እናቴ ከሥራ ተጠርታ ስትመጣ ቤታቸውን ልትቆልፍ ቁልፍ ፈለገች። ቁልፎቹ በሙሉ ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅለው ነበር። ያን ቀን ወገባቸው ላይ አልነበሩም።

«እማዬ፣ ሲንሿሿ እኮ ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። በረዶ የለበሱት ቅርንጫፎች በነፋስ እየተጋጩ ነበር። «ዛፉ ነው፣ የኔ ልጅ። በረዶው ነው» አለችኝ። አንገቴ ላይ የነበረው እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ ከሆስፒታል ወደተዛወሩበት ማገገሚያ፣ ሪሀብ፣ ወስዳኝ ጠየቅናቸው። ስትሮክ ነበር። ምላሳቸው ተሳስሮ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ ይናገሩ ነበር። እናቴ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ የቁልፎቹን ነገርና እናቴ በረዶ ነው ማለቷን ነገርኳቸው።

«እናትሽን... በረዶ ነው በያት» አሉኝ።

ያኔ አለቀስኩ። «ፈርቼ ቆሜ ነበር። ብዙ ቆሜ ነበር፣ ጋሼ። ቶሎ አልገባሁም።»

«ስትገቢስ... ፍርሃቱ ለቅቆሽ ነበር?»

«አልለቀቀኝም። እየፈራሁ ነው የገባሁት።»

ደኅና በነበረው በግራ እጃቸው ጉንጬን ጠረጉልኝ። «እኔ እንዲህ ገብቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ቀኝ እጃቸው ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ባየሁት ቁጥር ጧፉ ያጠረው ስንት ጣት ያህል እንደነበር ለማስታወስ እታገል ነበር። ሐኪሞቹ በጊዜ ተደርሶላቸዋል አሉ። ቀደም ቢል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ የራሴ ልጅ አለችኝ። ስለ እነዚያ ጥንታውያን ሰዎች ከጋሼ ታረቀኝ ከሰማሁት በላይ አንብቤአለሁ፤ መፍራትና መውደድ ለእነሱ አንድ ነገር ነበር የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ዘንድ ግን ሁለቱ በመሀላቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሏቸው። ስጸልይ ይቅርታ የምለምነው ስለ መግባቴ አይደለም፤ ስለ እነዚያ ደቂቃዎች ነው።