«ሕገወጥ አዳኝ» በሚለው መስመር ላይ

እናንተ ልጆች፣ በአዲሱ ቦት ጫማችሁ የታቦርን ዳገት ወጥታችሁ ስለጠየቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የዱር እንስሳት ጠባቂ ሆነን ተቀጠርን ብላችኋል፤ ደግ። ግን «ጋሼ ታደሰ፣ በደርግ ጊዜ እኮ ሕግ ይከበር ነበር» ስትሉኝ ደሜ ፈላ። ማን ነው ይህን የሚያወራላችሁ? ቁጭ በሉ። አንድ የወጣሁትን አደን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ፍረዱ።

ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩን ውጦታል። ዛሬ ሆቴል የተደረደረበት ሐይቅ ዳር ያኔ ፊላና ጭቃ ነበር። በቆሎ ደርሷል፤ በቆሎ ሲደርስ ደግሞ ጉማሬ ከውኃ ይወጣል።

እኔ በአዳኝ ቤት ነው ያደግሁት። በአባቴ ዘመን ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፣ ይዘፈንለታል፣ እሱም ይፎክራል። ቀጥሎ በንጉሡ ጊዜ የአደን ፈቃድ የሚባል ወረቀት መጣ፤ ወረቀቱን የመግዛት አቅም ያለው ግን በአውሮፕላን የሚመጣው ፈረንጅ ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ የዱር አራዊት የሰፊው ሕዝብ ሀብት ናቸው ተባለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አመንኩ! አደኑን ትቼ፣ ምንሽር ጠመንጃዬን ይዤ ጠባቂ ሆንኩ። ጉማሬ እንዳይነኩ ከተከለከሉት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ በሐይቃችን የቀሩትንም አንድ በአንድ እናውቃቸው ነበር። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነበር። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ዳንጊሶ የሚባል የሲዳማ ሰው ነበር፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የአምስት ልጆች አባት። የጉማሬ ዱካ በማንበብ የሚስተካከለው አላየሁም። ከሐይቁ ጥግ አንዲት ቁራጭ የበቆሎ ማሳ ነበረችው፤ ጉማሬ እየወጣ ሲጨርስበት ቢሯችን ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቶ አቤት አለ። «ታገስ፣ ይጣራል» ተባለ። ልጆቹ ግን እስኪጣራ ድረስ አይጠብቁም፤ ይርባቸዋል። ሲብስበት አንዱን በጦር ገደለ። ሥጋውን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቅጹንም የሞላሁት እኔው ነኝ። ቅጹ ገዳዩን የሚመለከት ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፤ አንዱ «ፈቃድ ያለው አዳኝ» ሌላው «ሕገወጥ አዳኝ» ይላል። ዳንጊሶ ሁለተኛው ላይ ተጻፈ፤ አንድ ዓመት ታሰረ።

ከእስር በወጣ በዓመቱ ከላይ አንድ ጓድ መጣ። ስሙን አልነግራችሁም፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ። ጓድ እንበለው። በአዳራሹ ሰብስቦን ግማሽ ቀን አስተማረን፤ ገድሎ መፎከር የፊውዳል ልማድ ነው፣ ከሥሩ መነቀል አለበት አለ። አጨበጨብን። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠራኝና፣ «ጓድ የጉማሬ ጥርስ ለቢሯቸው ይፈልጋሉ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ይዘሃቸው ውጣ» አለኝ።

«ፈቃድ አላቸው?» አልኩ።

«አንተ ሰው ጤና የለህም እንዴ? የሕዝብ ሀብት ነው አልተባለም? ሕዝቡ ማን ሆነና!»

አያችሁ? እኔም ቂል አይደለሁ፣ ትእዛዙን ተቀበልኩ። ይባስ ብዬ ዱካ የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል ብዬ የዳንጊሶን ስም ሰጠሁ። ቀበሌው አዘዘው። በማግስቱ ማለዳ በባዶ እግሩ፣ እስከ ጉልበቱ በተጠቀለለ ሱሪ መጣና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ታደሰ፣ ያ ሕግህ ዛሬ ዕረፍት ወጣ?» አለኝ።

ሾፌሩን ላንድሮቨሩ ጋ ትተን ሦስታችን በእግር ገባን። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። የጉማሬ መንገድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ቦይ ነው፤ እግሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ መሐሉ ላይ ሣሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። ዳንጊሶ ጎንበስ ብሎ ቦዩን ዳሰሰ፣ ቁጥቋጦው ላይ የተረጨውን ፋንድያ በጣቱ ነካ። ትኩስ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ዱካ አሳየኝ፣ መዳፌ የምትሸፍነው። «እናት ናት» አለ፤ «ልጅ አላት። ይህቺን ተዉአት። ባሏ ወዲያ ማዶ ነው።»

ከኪሴ አመድ ቆንጥሬ ለቀቅሁ። ነፋሱ ከኋላችን ወደ በቆሎው ይነፍሳል። መጥፎ ነው፤ ታሸተናለች ማለት ነው። «ጓድ፣ እንመለስ። ነፋሱም አልቀናም፣ ያለችውም ግልገል ያላት ናት» አልኩ። እሱ እቴ! ባለመነጽር ጠመንጃውን አቀባብሎ ቦዩ መሐል ቆሟል።

«እባክዎ ከቦዩ ይውጡ» አልኩት። «የደነገጠች ጉማሬ ወደ ውኃ ነው የምትሮጠው፤ መንገዷ ላይ የቆመውን አትምርም።»

«አብዮተኛ መንገድ አይለቅም!» አለኝ። በናታችሁ፣ ይህንን ለጉማሬ ንገሩልኝ!

ከበቆሎው ጥግ ብቅ አለች። አርባ እርምጃ ያህል ነው። ልታስቡት የምትችሉት ነገር አይደለም፤ ጆሮዎቿ ብቻ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ተኮሰ። ትከሻዋን መታት፤ ትከሻዋ ላይ የተመታ ጉማሬ ደግሞ ይቆጣል እንጂ አይሞትም። አንዴ አጓራች፣ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ ቦዩን ይዛ መጣች። ያን የሚያህል ገላ እንዴት እንደሚሮጥ ያላየ ሰው አያምንም። ጓድ ሁለተኛውን ጥይት ሲያጎርስ ተሰነቀረበት። ጠመንጃውን ጣለው፤ ሮጠ እንዳልል አልሮጠም፣ እዚያው ደርቆ ቀረ።

እኔ ልተኩስ አልቻልኩም፣ ጓድ በእኔና በእሷ መሐል ነው። ዳንጊሶ ነው የገባው። ማንም አላዘዘውም። በቀበቶው ጎትቶ ወደ ጭቃው ወረወረው፤ የራሱን እግር ግን አላወጣም። ጥርሷ ባቱን ቀደደው። ወድቆ አየሁትና ሁሉ ነገር ጠፋብኝ። እየጮኽኩ ወደ እሷ ሮጥኩ፣ ዞረችልኝ፣ አፏን ከፈተች። አምስት እርምጃ አይሆንም። በዓይንና በጆሮዋ መሐል ለቀቅሁባት። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ እግሬ ሥር ያለው ጭቃ ተናወጠ።

ግልገሏ ከፊላው ወጥታ አፍንጫዋን ወደ እናቷ ሆድ ሰደደች። ስንት አውሬ ገድያለሁ፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ።

ነጠላዬን ቀድጄ የዳንጊሶን እግር ሳስር ጓድ ከጭቃው ተነሣ። ተጠራረገ። ሾፌሩን ካሜራ ይዞ እንዲመጣ ጠራው፣ ጫማውን አንገቷ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ፎክርልኝ እንጂ፣ አዳኝ አይደለህም?» ትናንት ከሥሩ ይነቀል ያለው ሰውዬ! የተሰጠችኝ አንዷ ጥይት ባታልቅ ኖሮ ምን እንደማደርግ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ወደ መኪናው ስንመለስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅጹ ላይ ሕገወጥ አዳኝ አቁስሏት ለሰው አደገኛ ስለሆነች አንተ ገደልካት ብለህ ጻፍ። ይሄ ሰውዬ ከዚህ በፊት ታስሯል አይደል? የሱን ስም አስገባ።» ዳንጊሶ ከኋላ ወንበር ላይ ነው፣ ሁሉንም ሰምቷል። ሁለተኛ ጥፋት ተብሎ ቢገባ መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ ለዚያውም በዚያ እግሩ። ሕይወቱን ላዳነለት ሰው የከፈለው ወሮታ ይህ ነው!

ቅጹን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ባለቤቴ «ልጆችህን አስብ» አለችኝ። አሰብኳቸው። የዳንጊሶንም አምስት አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ወረቀት በካርቦን ደራርቤ ጻፍኩ። ጓድ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ መስመሩ አንድ ብቻ ነው። «ሕገወጥ አዳኝ» በሚለው ላይ የጓድን ሙሉ ስም ከነማዕረጉ አሰፈርኩ። አንዱን ቅጂ አስቀድሜ ከመናኸሪያ በሚነሣ አውቶቡስ አዲስ አበባ ለዋናው ቢሮ ላክሁ፣ ሌላውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ።

አለቃዬ ዓይኔ እያየ ቀደደው። ምንሽሬን ነጠቁኝ፣ ስምንት ወር ታሰርኩ። ጓድ አንድ ቀን እንኳ አልተጠየቀም፤ የጉማሬዋ ጥርስም ግድግዳው ላይ ተሰቀለ ብለውኛል። አዲስ አበባ የደረሰችው ወረቀት የጠቀመችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳንጊሶን ቢከሱት ወረቀቷም ትወጣለችና ነገሩን ሁሉ አዳፈኑት።

እና ሕግ ይከበር ነበር አትበሉኝ! ሕጉ ለድሃው ብቻ ዓይን ነበረው። ደርግ ሲወድቅ ከሻሸመኔ ማዶ ባለው ሜዳ ቆርኬውን እንዴት እንደፈጁት ሰምታችኋል። ቆርኬ ምን አደረጋቸው? ምንም። የሕዝብ ነው እየተባለ ሕዝቡ የሚገረፍበት እንስሳ ስለነበር ነው፤ የደርግ ከብት ነው ብለው ፈጁት። ቆርኬ ከአገራችን ሌላ አገር የለውም እኮ!

እንደተፈታሁ ዳንጊሶ ጋ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፣ የተቀደደ እግሩን ዘርግቷል። እውነት ለመናገር ምስጋና ፈልጌ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ እስሩን፣ መሣሪያዬን መነጠቄን፣ ያቺን ስም ለመጻፍ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር መታገሌን። ተናግሬ እስክጨርስ ድረስ ክሩን እየሳበ ሰማኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለኝ። ቀጥሎ ቀና ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እንዲሁ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቀኝ። «የእኔን ስም የጻፍክ ጊዜስ፣ ስንት ቀን ፈጀብህ?»

የሱን የጻፍኩት እዚያው ደጁ ላይ፣ ልጆቹ እያዩኝ፣ ቅጹን የላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ አድርጌ ነበር። ሳልቀመጥ ነው የጨረስኩት።